ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ ለምትሉ ልጆቼ

ገና ሲቃረብ የብዙዎቻችሁ ሆድ እንደሚባባ አውቃለሁ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ባንክ ቤት ገንዘብ ስከፍል ነው። የበዓል ሰሞን ሰው ፊት ላይ የሚታየውን ጭንቀት ለዓመታት በቅርብ አይቼዋለሁ። ልጃቸው ከቤይሩት ወይ ከሪያድ የላከችውን ብር ለመቀበል ከጠዋት ጀምረው የሚሰለፉ እናቶች አሉ። ደመወዝ ገባ አልገባ እያለ በቀን ሦስቴ የሚመላለስ አባወራም አለ።

አንድ ጊዜ የጥበቃ ሠራተኛ የሆነ ወጣት መጥቶ «ያለችኝን በሙሉ አውጪልኝ» አለኝ። ብሩን ስሰጠው እዚያው ቆሞ ሁለቴ ቆጠረው። ከዚያ ደብተሩን አየ፣ ብሩን አየ፣ እንደገና ደብተሩን አየ። «እትዬ፣ ለእናቴ ነጠላ ብገዛ መሳፈሪያ አይተርፈኝም፤ ብሳፈር ደግሞ ባዶ እጄን ነው። ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ? ዘንድሮስ ብቀር ይሻላል» አለኝ። ሂድ አልኩት። ለእናንተም የምለው ይኼንኑ ነው፤ ሂዱ። ለምን እንደምል ግን ላስረዳችሁ።

የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 2 ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ዮሴፍና እመቤታችን ቤተልሔም የሄዱት ለበዓል አልነበረም። ቄሣር ሕዝብ ይመዝገብ ብሎ ስላዘዘ ነው። ማደሪያ አጡ። ልጁ በግርግም ተኛ። ይኼን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ በየዓመቱ ይሰበካል። ብዙ ሰው የሚያልፈው ግን ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለውን ነው። የመንጻት ቀናቸው ሲደርስ ሕፃኑን ይዘው ወደ ቤተ መቅደስ ወጡ፣ ለመሥዋዕትም ሕጉ የሚለው ጥንድ ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት እንደሆነ ተጽፏል። አሁን ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12ን ግለጡ። የወለደች ሴት የምታቀርበው የአንድ ዓመት ጠቦት ነው ይላል። ዋኖሱና ርግቡ የተፈቀደው ጠቦት ለመግዛት አቅም ላነሳት ነው። አያችሁ? እኛ በግ አልገዛንም ብለን አንገታችንን የምንደፋበት በዓል፣ የባለቤቱ እናት ራሷ ለመሥዋዕት ጠቦት መግዛት ያልቻለች ሴት ነበረች! እኔ ይኼን ሳነብ እንባዬ ይመጣል። ዕድሜዬን ሁሉ ብር ስቆጥር ስለኖርኩ ይሆናል። እሷ ግን ያላትን ይዛ ገባች፤ በቤተ መቅደስ ያገኛቸው ስምዖንም ሕፃኑን አቅፎ እግዚአብሔርን አመሰገነ።

ስለዚህ የልደቱ ሰላም ኪሳችን እስኪሞላ፣ ኑሯችን እስኪስተካከል የሚጠብቅ አይደለም። ለበዓል ብላችሁ አትበደሩ፤ የገና ብድር ጥር ላይ እንቅልፍ ሲነሳ ብዙ አይቻለሁ። ግማሽ ኪሎ ቡና ይዞ የገባ ልጅም ልጅ ነው። ምንም ሳይዝ የገባም ልጅ ነው።

በዓሉን ሥራ ላይ የምታሳልፉም አላችሁ። የሌሊት ተረኛ ነርሶች፣ ዘበኞች፣ ዓረብ አገር በሰው ቤት ያላችሁ እህቶቼ፣ አሠሪዎቻችሁ ታኅሣሥ 29 ምን ቀን እንደሆነ እንኳ የማያውቁ። ቅዳሴው አመለጠኝ፣ በዓሉ አለፈኝ አትበሉ። መልአኩ የምሥራቹን የነገራቸው ሌሊት ሥራ ላይ ለነበሩ ሰዎች ነው። እረኞቹ መንጋቸውን እየጠበቁ ነበር፣ ክብሩ እዚያው ድረስ መጣላቸው። ሳህን እያጠባችሁ በልባችሁ «ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ»፣ የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ፣ በሉ። ላሊበላ፣ ቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ የሚያሸበሽቡት ያው ቃል ነው።

ሐዘን ላይ ላላችሁ ደግሞ ምን ልበል። እናቱን ወይ ወንድሙን ቀብሮ የመጀመሪያውን ገና የሚያሳልፍ ሰው፣ የጎረቤት ቤት ዶሮ ሲሸተውና ሕፃናቱ ሲጫወቱ ሲሰማ፣ ምነው ይኼ ቀን ቶሎ ባለፈ ይላል። ደስ ይበልህ ተብሎ በግድ ደስ አይለውም። በማቴዎስ ወንጌል የልደቱ ታሪክ ውስጥ ሄሮድስ ያስገደላቸው ሕፃናትም አሉ፤ ራሔል ስለ ልጆችዋ አለቀሰች፣ መጽናናትም አልወደደችም ይላል። ወንጌሉ ራሔልን አልተቆጣትም፣ ዝም በይም አላላትም። ልቅሶዋን ከልደቱ ታሪክ ጋር አብሮ ጻፈው። እናንተም ብታለቅሱ በዓሉን አላረከሳችሁም። ሐዘን ያልደረሰባችሁ ደግሞ እንደዚህ ያለ ቤት ካወቃችሁ በዚያ ቀን ሂዱና ቁጭ በሉ። «አይዞሽ፣ አታልቅሺ» ማለቱን ተዉት። የሞተውን ሰው ስሙን ጥሩ፣ እንዴት ያለ ሰው እንደነበረ አጫውቱ፣ ቡናውን ራሳችሁ አፍሉ። በእኛ አገር ማጽናናት ማለት አብሮ መቀመጥ ነው፤ ስልክና አጭር መልእክት መጥቶ ይኼን እንዲያስረሳን አልፈልግም።

ስለ ስልክ ካነሳን፣ ዋዜማውን የሰው በዓል በቲክቶክ እያያችሁ አታንጉት። ነጠላችሁን አጣፉና ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። ማኅሌቱን ባትችሉት እንኳ ቆማችሁ ስሙ። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ»፣ ሰላም ለሁላችሁ፣ ሲል ጾሙን ከኅዳር 15 ጀምሮ የጾመውንም፣ ያልጾመውንም፣ ሥራ የያዘውንም፣ ሥራ ፈቱንም ነው። «ምስለ መንፈስከ»፣ ከመንፈስህ ጋር፣ ብላችሁ መልሱ። በኋላም አጠገባችሁ ለቆመው ለማታውቁት ሰው ጎንበስ ብላችሁ ሰላምታ ስጡ። ብዙ ጊዜ የተረበሸ ልቤ የተረጋጋው እዚያ ሰዓት ላይ ነው።

አገር ቤት የምትሄዱ ትኬታችሁን አሁኑኑ ቁረጡ። በዋዜማው መናኸሪያ ከደረሳችሁ ወይ ወንበር ታጣላችሁ ወይ ዋጋው ይቆለልባችኋል። ለእናታችሁም ከመንገድ ሳይሆን ከዛሬ ደውላችሁ «እመጣለሁ፣ ምንም አልያዝኩም» በሏት።