የልጆች ውፍረት የወላጆች ኮሚቴ ጉዳይ ነውን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ በሁለት ዓመት ውስጥ በጣም ወፍሯል፤ የክፍል ጓደኞቹም «ዱባ» ይሉታል። አማቴ «የልጅ ውፍረት የቤት በረከት ነው፣ ተዪው» ይሉኛል። የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ አባል ስለሆንሁ ነገሩን በስብሰባ ላንሳው ወይስ የየቤታችን ጉዳይ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በአማትዎ አይፍረዱባቸው፤ የ1977ቱን ድርቅ ያየ ሰው የወፈረ ልጅ ሲያይ ደስ ቢለው አያስገርምም። ይሁን እንጂ የልጅ ውፍረት በዓይን ግምት አይለካም፤ ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ተነጻጽሮ በዕድሜውና በጾታው ልክ ስለሚታይ፣ አስቀድመው ጤና ጣቢያ ወስደው ያስለኩት።

ስብሰባውን በተመለከተ፣ ያንሱት፤ የልጅዎን ስም ግን አይጥሩ፤ ልጆችን አሰልፎ መመዘን የሚል ሐሳብ ቢመጣም ይቃወሙ። በዚያው ክፍል ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ ልጅ ሊኖር ስለሚችል፣ ኮሚቴው «አትብሉ» የሚል ሳይሆን ሁሉም ልጅ የሚበላውንና የሚጫወትበትን የሚያሻሽል ቢሆን ይሻላል።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው በሶመርቪል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ላሉ ሕፃናት ሲባል የትምህርት ቤት ምግብ ቤቶች፣ ወላጆች፣ የከተማው አስተዳደርና ምግብ ሻጮች አብረው ሠርተው ነበር፤ የሕፃናቱም የክብደት ጭማሪ ከሌሎች ተመሳሳይ ከተሞች ሕፃናት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱ ትንሽ ነበር፤ ይህን የምንነግርዎ በአንድ መንፈቅ ተአምር እንዳይጠብቁ ነው።

በእኛ አገር የሚጀመረው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ካለው ሱቅ ነው። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር፣ ማለትም ሰባት የሻይ ማንኪያ ገደማ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ከተጨማሪ ስኳር የሚገኘው ጉልበት ከዕለቱ ጠቅላላ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ለልጅዎ ዕድሜ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ይህን የ5 በመቶ ልክ ያልፋል። ባለ ሱቁን ከመውቀስ ይልቅ በእረፍት ሰዓት ውኃ፣ የገብስ ቆሎና ሙዝ እንዲሸጥ ብታግባቡት ገበያውም አይቀርበትም። በምሳ ዕቃ ውስጥም በብስኩትና በቺፕስ ፋንታ የባቄላ ንፍሮ ወይም በሶ ማድረግ ይቻላል፤ በሶውን በስኳር እስካልሞላነው ድረስ።

ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል፤ በአንድ ጊዜ መሆን ግን የለበትም። ቤታቸው ቅርብ የሆነ ልጆች በባጃጅ ከሚመላለሱ ተሰባስበው ከአንድ ወላጅ ጋር ቢሄዱ፣ ግቢውም ከክፍል በኋላ ለገመድ ዝላይ፣ ለሰኞ ማክሰኞና ለኳስ ክፍት ቢሆን ብዙ ወጪ የለውም። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ለሚያስፈራችሁ፣ ከቀትር በኋላ ያለው ፀሐይ ይበቃል።

በቤት ደግሞ ልጁን ለብቻው አያስርቡት፤ እያደገ ስለሆነ ክብደቱ ባለበት ቆይቶ ቁመቱ ቢጨምር ለብዙ ልጆች ይበቃል፤ ለውጡም ለመላው ቤተሰብ ይሁን። «ዱባ» የሚለውን ስም ግን የክፍሉ መምህር ዛሬውኑ እንዲያስቆም ይንገሩት፤ እሱ ስብሰባ አይጠብቅም።