እናትዎን ወደ ሞንቴሮሶ ከመውሰድዎ በፊት፦ ስለ አንድ ቴምብርና ስለ ጠፋው ግማሽ ቀን

ውድ እህቴ፣ «ከአዲስ አበባ የመጣች እናቴን ይዤ በኦገስት አጋማሽ ለሦስት ቀን ወደ ጣልያኗ የባሕር ዳር መንደር ወደ ሞንቴሮሶ አል ማሬ ልሄድ ነው፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብለው ላቀረቡት ጥያቄ እስካሁን የተሰጡት መልሶች ሁሉ ፎቶ የት እንደሚያምር የሚናገሩ ናቸው። እኔ ባለፈው ዓመት በዚያው ወር፣ በዚያው በጾመ ፍልሰታ፣ እናቴን ይዤ ከሽቱትጋርት ወደዚያው ሄጄ ስለነበር የእርስዎ ጉዞ ከእኔ የሚለይበት ነገር አይታየኝም። ስለዚህ የአውሮፕላኑንና የሻንጣውን ጉዳይ ለሌሎች ትቼ፣ ገንዘብ፣ ጊዜና ንዴት ያስከፈለኝን በተራ ቁጥር እጽፍልዎታለሁ።

1. ማረፊያዎን ላ ስፔዚያ ያድርጉ። በኦገስት የሞንቴሮሶ ክፍሎች ዋጋ የሚቀመስ አይደለም፤ ላ ስፔዚያ ግን በባቡር ከግማሽ ሰዓት በታች የምትርቅ፣ ሰው የሚኖርባት እውነተኛ ከተማ ናት። መኪና ለመከራየት አያስቡ፤ መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ማቆሚያው ጠባብና ውድ ነው። ሆቴሉ ለእያንዳንዱ ሰው በየአዳሩ የከተማ ቀረጥ ለብቻው ስለሚጠይቅዎት ጥቂት ጥሬ ገንዘብ በእጅዎ ይኑር።

2. ቲኬት መቁረጥ ማለት መክፈል ብቻ ነው፤ ቲኬቱ ቲኬት የሚሆነው ማኅተም ሲመታበት ነው። እባክዎ ይህን ዐረፍተ ነገር ደግመው ያንብቡት። ከላ ስፔዚያ ተነሥቶ ቺንኩዌ ቴሬ የሚባሉትን አምስት መንደሮች፣ ማለትም ሪዮማጆሬን፣ ማናሮላን፣ ኮርኒልያን፣ ቬርናትሳንና ሞንቴሮሶን እያዳረሰ እስከ ሌቫንቶ የሚሄደው ባቡር የተቆጠረ ወንበር የለውም። የወረቀት ቲኬት የያዘ ሰው ከመሳፈሩ በፊት በጣቢያው ውስጥ በተተከለችው ትንሽ ማሽን አፍ ወረቀቱን ከትቶ ቀኑንና ሰዓቱን ማሳተም አለበት። የቀን ካርድ የሚሉት፣ ባቡሩንም የተራራውን የእግር መንገድም የሚያጠቃልለው ወረቀት ደግሞ ከማኅተሙ በተጨማሪ የባለቤቱ ስም ሊጻፍበት ይገባል። በስልክ የተገዛ የባቡር ቲኬትም ቢሆን ከመሳፈር በፊት «ተሳፍሬአለሁ» የምትለውን ቁልፍ መጫን ግዴታ ነው። ይህን ያላደረገ ሰው፣ ያንኑ ወረቀት ነገም ሊሄድበት ያሰበ አጭበርባሪ ተደርጎ ይቆጠራል።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ እናቴ ግን ታውቅ ነበር ማለት ይቻላል። እናቴ 31 ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርታ በጡረታ የወጣች ሴት ናት። ላ ስፔዚያ ጣቢያ ላይ ቆማ ሰዉ ሁሉ ወረቀቱን ወደ ማሽኗ አፍ ሲያስገባና ሲያወጣ በጥንቃቄ ካየች በኋላ ካርዶቻችንን ከእጄ ተቀብላ አገላበጠቻቸውና፣ «ይኼ ወረቀት ቴምብር የለውም እኮ፤ እነዚህ ሰዎች ምን እያስመቱ ነው?» አለችኝ። እኔም የአሥራ አንድ ዓመት የአውሮፓ ነዋሪነቴን ተማምኜ፣ «እማዬ፣ ከፍለንበታል፤ ይኼ መዝገብ ቤት አይደለም» ብዬ መለስኩላት። ይህችን መልሴን እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ ለዘመድ ሁሉ ቃል በቃል ትናገራለች።

ባቡሩ አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው በዋሻ ውስጥ ነው። ከሪዮማጆሬ ተነሥተን ጨለማው ውስጥ እንደገባን ተቆጣጣሪው መጣ፤ ካርዶቹን አየ፤ ስም የለም፣ ማኅተም የለም። ፓስፖርት ጠየቀ። በጀርመንኛም በእንግሊዝኛም ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ከፍለን መግዛታችንን ደረሰኙን አውጥቼ አሳየሁት። አልሰማኝም። በዚህ መካከል እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ቴምብር አልኩህ አይደለም?» ስትል ሰውየው ዓይኑ በራና፣ «ሲ፣ ሲ! ቲምብሮ! ሲኞራዋ ታውቃለች!» እያለ ወደ እርሷ ያመለክት ጀመር። ሁለቱ በአንዲት ቃል ተግባብተው፣ እኔ ሦስት ቋንቋ ይዤ ሳልግባባ ቀረሁ። ቅጣቱ በነፍስ ወከፍ 50፣ በድምሩ 100 ዩሮ ሆነ፤ በካርድ ከፈልኩ።

እስከዚህ ድረስ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእኔ ብቻ አይደለም። ሞንቴሮሶ እንደወረድን በቀጥታ ወደ ቲኬቱ መስኮት ሄድኩ። ሃምሳ ደቂቃ ተሰለፍኩ። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሠራተኛ ቀና ብላ ሳታየኝ የቅሬታ ቅጽ ወደ እኔ ገፋችልኝ፤ ቅጹ በጣልያንኛ ብቻ የተጻፈ ነበር። በስልኬ እየተረጎምኩ ሞልቼ ስመለስ፣ ቅጣቱ እዚህ ስላልተጣለ የሚመለከተው ላ ስፔዚያ ነው አለችኝ፤ ንግግሬን ሳልጨርስም መጋረጃውን ዘጋችው፤ የምሳ ሰዓት ሆኗል። እኔም ግትር ነኝና እናቴን ይዤ ወደ ላ ስፔዚያ ተመለስኩ። እዚያ ደግሞ ሌላው ሠራተኛ ቅጹን ሳያነብ፣ ቅሬታ የሚቀርበው በድረ ገጽ ነው አለኝ። በድረ ገጽም አቀረብኩ፤ ከሁለት ወር በኋላ የመጣው መልስ ሁለት መስመር ነበር፤ «ካርዱ ማኅተም ስላልነበረው ቅጣቱ ተገቢ ነው» ይላል። የአገራችንን ቢሮ «ነገ ተመለስ» በማለቱ ስናማ ለኖርን ሰዎች ይህ ጥሩ ትምህርት ነው፤ እነርሱ እንዲያውም ነገ ና እንኳን አይሉም። እናቴ ይህ ሁሉ ሲሆን በጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዳዊቷን ትደግም ነበር። ከሦስቱ ቀኖቿ አንዱ እኩሌታው በጣቢያ አለቀ። እርስዎ ከተቀጡ ከፍለው ይሂዱ እንጂ እንደ እኔ አይከራከሩ። በማግስቱ ካርዶቹን እናቴ ራሷ ነች ያስመታቻቸው፤ የራሷን ሁለት ጊዜ አስመታችው፤ ስሟንም በአማርኛም በላቲንም ጻፈችበት።

3. የጾም ምግብ። ጀርመን አገር እንደለመድነው የአትክልት ምግብ ይኖራል ብለው ሳይዘጋጁ አይሂዱ፤ ጣልያኖች አይብን እንደ ጨው ነው የሚቆጥሩት። የዚያ አካባቢ፣ የሊጉሪያ፣ መታወቂያ የሆነው ፔስቶ የሚሉት አረንጓዴ የፓስታ ማባያ ቅጠል ስለሆነ ጾም ነው ብለው እንዳይሳሳቱ፤ በውስጡ ባዚሊኮ ከሚሉት ቅጠል ጋር የተፈጨ አይብ አለ። እናቴ የመጀመሪያውን ሹካ ልታነሣ ስትል ነው የደረስኩላት። «ሴንሳ ፎርማጆ፣ ሴንሳ ቡሮ» የሚሉትን፣ ማለትም ያለ አይብ፣ ያለ ቅቤ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃልዎ ይያዙ።

ነገር ግን ያ አገር ለጾመኛ አንድ ታላቅ ነገር አለው፤ ስሙ ፋሪናታ ይባላል። የሽምብራ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ፣ ጨውና የወይራ ዘይት ገብቶበት፣ በሰፊ የመዳብ ትሪ በእንጨት ምድጃ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው። ላ ስፔዚያ ውስጥ አንዲት ጠባብ ቤት ገብተን እናቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከቀመሰች በኋላ፣ «ይኼ እኮ ሽሮ ነው፤ በርበሬውን ረስተውት ነው እንጂ» አለች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ምሳችን እርሱ ሆነ፤ ሁለታችንም በጥቂት ዩሮ እንጠግብ ነበር። ከቦርሳዋ ያወጣቻትን ሚጥሚጣ ስትነሰንስበት የቤቱ ባለቤት መጥቶ አሸተተና ለራሱም ትንሽ ለመነ፤ ቀምሶም ፊቱ ቀላ። ፎካቻ የሚሉትንም ዳቦ ከፎርኖ ቤት ሲገዙ የአሳማ ስብ የሌለበትና በወይራ ዘይት ብቻ የተጋገረ መሆኑን ይጠይቁ። ሞንቴሮሶ አቹጋ በሚሉት ትንሽ ዓሣ የታወቀች ናት፤ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ግን እዚህ አልከፍትም፤ እናቴ አልበላችም፣ እኔ በልቻለሁ።

ቡና ሲያምራችሁ እዚያው ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ጠጡ፤ ወንበር ስባችሁ ከተቀመጣችሁ ያው ቡና በብዙ ቤቶች ዋጋው ይጨምራል። ምግብ ቤት ውስጥ ደግሞ ሒሳቡ ላይ «ኮፔርቶ» የሚል መስመር ሲያዩ እንደ እኔ አይቆጡ፤ ለጠረጴዛውና ለዳቦው በየሰው የሚታሰብ የተለመደ ክፍያ እንጂ ማጭበርበር አይደለም። እኔ ተቆጥቼ አፍሬአለሁ።

4. ባሕሩ። ሞንቴሮሶ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ጣቢያው ያለበት ረጅሙ የባሕር ዳርቻ ፌጂና ይባላል፤ አሮጌው መንደር ከአጭር ዋሻ ማዶ ነው። ከአምስቱ መንደሮች ሰፊ የባሕር ዳርቻ ያላት እርሷ ብቻ ስለሆነች በኦገስት ጥላው ከጥላ ተጋጥሞ ይታያል። በኪራይ ያለው ቦታ ለሁለት ወንበርና ለአንድ ጥላ በዚያን ቀን 35 ዩሮ ተጠየቅንበት፤ ከባሕሩ አጠገብ ያለው ረድፍ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ወጣት ብቻዬን ብሆን ከነጻው ክፍል ፎጣዬን አነጥፍ ነበር፤ እናት ለያዘ ሰው ግን ጥላና መጸዳጃ ያለበት ቦታ ተገቢ ስለሆነ በዚህ አይቆጥቡ። ከፌጂና ጫፍ ላይ ኢል ጂጋንቴ የሚሉት፣ የጥንት ሮማውያን የባሕር አምላክ የነበረው የኔፕቱን ግዙፍ ሐውልት አለ። እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሠራ 14 ሜትር ቁመት ኖሮት ትልቅ ዛጎል በትከሻው የተሸከመ ነበር፤ በጦርነቱ ቦምብና በኋላም በ1966 በመታው ማዕበል እጆቹንና ጦሩን አጥቷል። እናቴ ቀና ብላ አይታው፣ «ይኼስ እንደ እኔ ጡረታ ወጥቷል» ብላ አለፈችው።

ኦገስት 15 ፌራጎስቶ ነው፤ ጣልያን ሁሉ ወደ ባሕር የሚወርድበት ዕለት ስለሆነ ባቡር ውስጥ መቆሚያ እንኳን አይገኝም። ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ካልሄዱ (በእኛ አቆጣጠር ነው የምልዎት) መንገዱን ይተዉት። እኛ ማልደን ስለደረስን በአሮጌው መንደር የሚገኘውን የቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅን ቤተ ክርስቲያን ባዶውን አገኘነው። ነጭና ጥቁር አረንጓዴ ድንጋይ በረድፍ በረድፍ የተነባበረበት፣ ከሩቅ ሲያዩት ጥለት የሚመስል ሕንፃ ነው። እናቴ በሩ ላይ ጫማዋን ልታወልቅ ስትጎነበስ አንዲት የአገሬው አሮጊት እጇን ይዛ ከለከለቻት፤ ወለሉ እብነ በረድ ስለሆነ ይበርዳል ማለቷ ይመስለኛል። ዕለቱ ለእነርሱ የእመቤታችን ዕርገት በዓል ነው፤ የእኛ ነሐሴ 16 ደግሞ የሚውለው ከሳምንት በኋላ ነው። «እኛ ገና ሱባኤ ላይ ሳለን እነርሱ ፈሰኩ» አለች እናቴ፤ ቅዳሴያቸው ሲጀመር ግን ነጠላዋን አደግድጋ እስከ መጨረሻው ቆመች። በፌጂናና በአሮጌው መንደር መካከል ባለው ኮረብታ ላይ የካፑቺን መነኮሳት ገዳም አለ፤ እያረፍን ወጣን፤ ከላይ ሆነው ሲያዩት ባሕሩ ፑንታ ሜስኮ እስከሚሉት ወደ ውስጥ እስከገባው የተራራ ጫፍ ድረስ ይታያል። እኔ ከጉዞው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ስለ እግር መንገዱ ብዙ አልልም። ከሞንቴሮሶ እስከ ቬርናትሳ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ለእናትዎ አይሆንም። ነጠላ ጫማ አድርጎ መሄድም ያስቀጣል፤ እኔ ደግሞ ቅጣት ይበቃኛል። ኮርኒልያ ከጣቢያዋ ወደ መንደሯ ከ370 በላይ ደረጃዎች አሏት፤ ካርዱ ትንሿን አውቶቡስ ስለሚያካትት በእርሷ ይውጡ።

ለእናት የተፈጠረው ጀልባው ነው። ከኮርኒልያ በስተቀር በሌሎቹ አራት መንደሮች ይቆማል፤ ማዕበል ካለ ግን ስለማይነሣ ጠዋት ይጠይቁ፤ ቲኬቱም ከባቡሩ ካርድ የተለየ ነው። በሦስተኛው ቀን በጀልባው ስንሄድ እናቴ ከማናሮላ በላይ ያለውን፣ ከባሕሩ አፍ እስከ ተራራው ጫፍ በደረቅ ድንጋይ የተደረደረውን የወይን እርከን ዓይታ ዝም አለች። በወጣትነቷ አርባ ምንጭ ተመድባ ስትሠራ ኮንሶን አይታለች። «የኮንሶ ሰው እዚህ መጥቶ ነበር እንዴ?» አለችኝ። እኔም ሁለቱም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገባቸውን፣ ይህኛው እ.ኤ.አ. በ1997፣ የኮንሶው በ2011 መሆኑን ነገርኳት። «እንግዲያስ ቴምብር አላቸዋ!» አለች፤ ጀልባው ላይ የነበሩ ሁሉ ምን እንዳሳቀን ሳያውቁ አብረውን ሳቁ።

የእናትዎ ጉልበት ደረጃ ይችል እንደሆነና ስንት ቀን እንደሚቆዩ ቢጽፉልኝ፣ ላ ስፔዚያ ያረፍንበትን ቤት አድራሻና የፋሪናታውን ቤት በግል መልእክት እልክልዎታለሁ። ሚጥሚጣ ግን ከቤትዎ ይዘው ይሂዱ።