ሁለት አካውንት ላይ የተከፋፈለ ነጥብ ይዋሃዳል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ዴስክቶፑን በአንድ ኢሜይል፣ ላፕቶፑን በሌላ ኢሜይል አይንስታይን አት ሆም (የፈቃደኞችን ኮምፒውተር ለሳይንስ ስሌት የሚጠቀም ፕሮጀክት) ላይ አስገብተህ፣ ማሽኖቹ ለሰሩት ስራ ያገኘኸው ነጥብ ለሁለት ተከፍሏል፤ አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል ወይ ነው ጥያቄህ። ቁርጡን ልንገርህ፣ አይቻልም። ቦይንክ (እንዲህ ዓይነት ፕሮጀክቶችን የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ላይ ነጥብን ከአካውንት ወደ አካውንት ማዛወሪያ የለም። እኔም ከዚራ ቤቴ ቁጭ ብዬ ግማሽ ቀን ፈልጌ ነው የተውኩት።

ስለዚህ ነጥብ የበዛበትን ምረጥ። ሌላኛው ላይ ያለውን ማሽን ግን ዝም ብለህ እንዳታላቅቀው፤ የጀመረው ስራ ገደል ይገባል። መጀመሪያ አዲስ ስራ እንዳይቀበል አድርገው። የያዘውን ጨርሶ ይላክ። መብራት ካልጠፋ፣ ያው ድሬ ነን። ከዚያ ፕሮጀክቱን አውጣና በመረጥከው ኢሜይል መልሰህ አስገባው። የድሮውን አካውንት አትሰርዘው፣ ይቀመጥ።

ሮዜታ አት ሆም የሚባለው ሌላው የቦይንክ ፕሮጀክት ላይም አለሁ ብለሃል። እዚያ ኢሜይልህን ከዚህኛው ጋር አንድ አድርገው። ቢያንስ አንዱ ማሽን ሁለቱም ፕሮጀክት ላይ ካለ፣ የስታቲስቲክስ ገጾች እንደ አንድ ሰው ይደምሩልሃል። ወዲያው አይታይም፣ ጥቂት ቀን ታገስ።

ዊንዶውስ እንደገና ጭነህ አንዱ ላፕቶፕ ሁለቴ ከተዘረዘረ ግን እሱ ቀላል ነው። በፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ላይ የኮምፒውተሩን ዝርዝር መረጃ ክፈት፣ ታች ማዋሃጃ አለው።

በነገራችን ላይ በዚህ ወበቅ ቀን ቀን አታሰራው። የኔ ፋን እንደ ባጃጅ ሲጮህ ነበር። አሁን ከማታ 4 ሰዓት በኋላ ብቻ ነው የምከፍተው።