አቧራ፣ ትቢያ ወይስ ጉም?

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና የፊዚክስ መምህር ነኝ። ወጣት ከዋክብትን ስለሚከብበው ዝርግ ክብ ነገር፣ ማለትም ስለ «ዲስክ»፣ ለተማሪዎቼ ማስታወሻ ሳዘጋጅ «ጋዝና አቧራ» ብዬ ጻፍሁ። አንድ ባልደረባዬ «ትቢያ በለው» አለኝ፤ ሌላው ደግሞ «ጉም ብትለው ቶሎ ይገባቸዋል» ይላል። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ የጻፉትን አይሰርዙት። ትቢያ መሬት ላይ የተኛ ነው፤ «ከትቢያ አነሣው» የምንለውም ለዚህ ነው። አቧራ ግን ይነሣል፣ ይጨሳል፣ አየር ላይ ይቆያል። ጉም ምን እንደሆነ ለደብረ ሲና ልጅ አይነገርም፤ ጣርማ በር ላይ ጋቢውን የሚያረጥበው ውሃ ነው። በኮከቡ ዙሪያ ያለው ጋዝ በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነው፤ አቧራው ደግሞ የድንጋይ ዘር የሆነው ሲሊኬትና የጥቀርሻ ዘመድ የሆነው ካርቦን።

አቧራ ግን አይቆጠርም። «አንድ አቧራ» አይባልም። ስለ አንዷ ቅንጣት ሲጽፉ «ብናኝ» ይበሉ፤ «በነነ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። በታኅሣሥ መንዝ ውስጥ አውድማ ዳር የቆመ ሰው ያውቀዋል። ገብሱ በመንሽ ሲበተን ፍሬው እዚያው ይወርዳል፣ ገለባው ፈቀቅ ይላል፣ እብቁ ራቅ ብሎ ያርፋል። ከሁሉ የላመው ግን እንደተንሳፈፈ ይቀርና የማታዋን ፀሐይ ያቀላታል። የጠፈሩም ብናኝ ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አብልጦ ስለሚያግድ ከጀርባው ያለውን ኮከብ አደብዝዞና አቅልቶ ያሳየናል። ብዙዎቹ ቅንጣቶች አንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞሉም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ያልጠየቁኝ ቃል ነው፦ ጋዝ። በገጠራችን ጋዝ ማለት ኩራዝ ውስጥ የሚጨመረው ላምባ ነው። ልጁ «ኮከቡን ጋዝ ከበበው» ሲባል ፈሳሽ ነገር ቢታየው አይፈረድበትም። ቃሉን አይቀይሩት፤ መጀመሪያ ሲያነሡት ብቻ «እንደ አየር ያለ» ብለው ያስቀድሙለት።

«ዲስክ» ያሉትንም ሰፌድ ቢያስከትሉበት ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 ቺሌ የሚገኘው አልማ ቴሌስኮፕ ያነሣው የኤችኤል ታውሪ ምስል ላይ፣ ወጣቱን ኮከብ የከበበው ዝርግ አቧራ ብሩህ ቀለበትና ጥቁር ክፍተት እየተፈራረቀበት ይታያል፤ በሁለት ቀለም የተሰፋ ሰፌድ ነው የሚመስለው። አንዱን ይዘው ክፍል ይግቡ። የሰፌዱ ስፌት ከመሃል እስከ ጠርዝ ሳይቋረጥ እንደሚዞር፣ የኮከቡ ቀለበቶች ግን ለየብቻ እንደሆኑ ብቻ ይንገሯቸው።