ሪች፣ ኢምፕሬሽን፣ ሲፒኤም፦ በማስታወቂያ ሪፖርቱ ላይ ለቀረበው ጥያቄ መልስ

ሰላም ለቡድኑ አባላት። ሽሮ ሜዳ የአገር ባህል ልብስ የሚሸጡት እህታችን ማስታወቂያ የሚሠራላቸው ድርጅት በወሩ መጨረሻ የላከላቸውን የፌስቡክ ሪፖርት አያይዘው፣ «ሪች 40,000፣ ኢምፕሬሽን 120,000፣ ክሊክ 1,200 ይላል፤ የከፈልኩት 3,000 ብር ነው፤ ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ለአነስተኛ ነጋዴዎች የፌስቡክና የቴሌግራም ማስታወቂያ ስሠራ ስለቆየሁ፣ ቃላቱን በራስዎ ቁጥሮች ላይ ተመሥርቼ ላስረዳዎት።

ሪች ማስታወቂያው የደረሳቸው ሰዎች ግምታዊ ብዛት ነው። ኢምፕሬሽን ደግሞ ማስታወቂያው ስንት ጊዜ ስክሪን ላይ እንደታየ ይቆጥራል። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቢያየው በሪች አንድ፣ በኢምፕሬሽን ሦስት ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ልብስዎን ያየው 120,000 ሰው ሳይሆን 40,000 ሰው ነው፤ እነርሱም በአማካይ ሦስት ሦስት ጊዜ አይተውታል። ይህ አማካይ ፍሪኩዌንሲ ይባላል፤ ለእርስዎ ዓይነት ዕቃ ሦስት የሚያሳስብ ቁጥር አይደለም።

ሲፒኤም ለአንድ ሺህ ኢምፕሬሽን የወጣው ገንዘብ ነው፤ 3,000 ብር ለ120 ሺህ ሲካፈል ለአንድ ሺህ 25 ብር ይደርሳል። ሲፒሲ ለአንድ ክሊክ፣ ማለትም ማስታወቂያው አንድ ጊዜ ለተነካበት፣ የወጣው ሲሆን የእርስዎ 2 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ሲቲአር ማስታወቂያው ከታየባቸው ጊዜያት (ከኢምፕሬሽኑ) ውስጥ የተነካበት መቶኛ ነው፤ 1,200 ለ120,000 ሲካፈል 1 በመቶ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ድርጅቱን መጠየቅ ይኖርብዎታል። በፌስቡክ ሪፖርት ውስጥ ሁለት ዓይነት የክሊክ ቁጥር አለ፤ አንዱ ሁሉንም ንክኪ፣ ማለትም ላይክ ማድረግን፣ ጽሑፉን ለመዘርጋት መንካትን፣ የገጹን ስም መጫንን ጭምር ይቆጥራል፤ ሌላው ሊንኩን የነኩትን ብቻ ይቆጥራል። ሪፖርቱ የመጀመሪያውን ብቻ ካቀረበ፣ ከ1,200ው ውስጥ ወደ እርስዎ ለመምጣት ያሰቡት ስንቱ እንደሆኑ ማወቅ አይቻልም።

ስለ ብሩም አንድ ነገር ልበል። ፌስቡክ ሂሳቡን የሚያስከፍለው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ፣ ብዙ ነጋዴ የዶላር ካርድ ላለው ሰው በብር ይከፍላል። ስለዚህ 3,000 ብሩ በሙሉ ለማስታወቂያ የዋለ ነው ወይስ የድርጅቱ የአገልግሎት ክፍያና የምንዛሪ ልዩነት ተጨምሮበታል? ይህ ካልተለየ ከላይ ያሰላናቸው ሲፒኤምና ሲፒሲ ትክክለኛ አይሆኑም።

ከሁሉም በላይ ሊያተኩሩበት የሚገባው ግን በሪፖርቱ ላይ ያልተጻፈው ነገር፣ ማለትም የማስታወቂያው ዓላማ ወይም ኦብጀክቲቭ የተባለው ምርጫ ነው። ማስታወቂያ ሲከፈት ሥርዓቱ ምን እንዲደረግልዎት እንደሚፈልጉ ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው እንዲያየው፣ ላይክና ኮሜንት እንዲበዛ፣ መልእክት እንዲላክልዎ ወይም ግዢ እንዲፈጸም። ከዚያም ማስታወቂያውን የሚያሳየው የተመረጠውን ነገር የማድረግ ልማድ ላላቸው ሰዎች ነው። ላይክ ከመረጡ ላይክ ማድረግ የሚወዱ ሰዎችን ፈልጎ ያመጣልዎታል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ልብስ ገዢዎች ላይሆኑ ይችላሉ። የቆዳ ቦርሳ ለሚሸጥ አንድ ደንበኛዬ ዓላማውን ከላይክ ወደ መልእክት ስንቀይር የላይኩ ቁጥር በእጅጉ ወርዶ ባለቤቱ ደንግጦ ነበር፤ ዋጋና አድራሻ የሚጠይቁ መልእክቶች ግን የዚያኑ ሳምንት መጨመር ጀመሩ። ቡስት የሚለውን ሰማያዊ ቁልፍ ተጭኖ ብቻ ማስተዋወቅም ምርጫዎችን ስለሚያጠብ፣ አድስ ማናጀር በሚባለው የፌስቡክ ሙሉ የማስታወቂያ ማስተዳደሪያ በኩል እንዲሠራልዎት ይጠይቁ።

ታርጌት ደግሞ ማስታወቂያው በየትኛው አገር፣ ለየትኛው ዕድሜና ፍላጎት እንዲታይ የሚወሰንበት ነው። በእርስዎ ሥራ ይህ ወሳኝ ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ ማስታወቂያ ማሳየት ርካሽ ሲሆን በአሜሪካ ለአንድ ሺህ ኢምፕሬሽን የሚከፈለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም ለሠርግና ለበዓል ቀሚስ የሚያዝዝልዎት ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የሚኖር ወገናችን ከሆነ፣ 25 ብር የሚለው ሲፒኤም ርካሽ መሆኑ ምንም አይጠቅምዎትም፤ ርካሽ የሆነው ገዢዎ በሌለበት ስለታየ ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ ሪቹን በአገር ከፋፍሎ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ይህን ዝርዝር ማውጣት ለእነርሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ኮንቨርዥን የሚባለው ሰውየው እርስዎ የፈለጉትን የመጨረሻ ነገር ማድረጉ ነው፤ በእርስዎ ሁኔታ ልብስ ማዘዙ። ድረ ገጽ ያላቸው ሻጮች ፒክስል የሚባል ኮድ ገጻቸው ላይ አስገብተው ግዢው ከየትኛው ማስታወቂያ እንደመጣ ይከታተላሉ። እርስዎ ትዕዛዝ የሚቀበሉት በስልክና በቴሌግራም፣ ክፍያውንም በቴሌብር ስለሆነ፣ ፌስቡክ ይህን ሽያጭ በራሱ ሊያውቀው አይችልም፤ መመዝገብ ያለብዎት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ቀላሉ መንገድ በማስታወቂያው ላይ ብቻ የሚታይ የተለየ ስልክ ቁጥር ማስቀመጥ፣ ካልሆነም ያዘዘውን ሰው ሁሉ «የት አይተውን ነው?» ብሎ ጠይቆ በደብተር መያዝ ነው። ከማስታወቂያው ስድስት ሽያጭ ከተገኘ አንድ ገዢ ለማግኘት 500 ብር ወጥቷል ማለት ነው። በአንድ ቀሚስ የሚያተርፉት ከዚያ በላይ ከሆነ ማስታወቂያው ይቀጥል፤ ካነሰ ይቁም ወይም ይስተካከል። ለጥያቄዎ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው ይህ ስሌት ነው።

የቴሌግራም ቻናልዎን በተመለከተ፣ ከዓይን ምልክቱ አጠገብ ያለው ቁጥር ጽሑፉ ወደ ሌላ ቦታ ፎርዋርድ ተደርጎ የታየበትንም ይጨምራል፤ ስለዚህ ከአባላትዎ ብዛት ቢበልጥ አይገረሙ። በተቃራኒው አሥር ሺህ አባላት ኖረውት እያንዳንዱ ጽሑፍ መቶ እይታ ብቻ ያለው ቻናል ላይ ማስታወቂያ ግዙ ቢባሉ ገንዘብዎን አያውጡ፤ አባላቱ በክፍያ የተሰበሰቡ ሊሆኑ ይችላሉ። ኤስኢኦ የሚባለው ድረ ገጽን በጉግል ፍለጋ ላይ ያለ ክፍያ ከፍ ብሎ እንዲታይ የማድረግ ሥራ ሲሆን፣ ድረ ገጽ እስኪከፍቱ ድረስ አያስፈልግዎትም። ሱቅዎን በጉግል ካርታ ላይ ማስመዝገብ ግን ነጻ ነው፤ ዛሬውኑ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ለሚቀጥለው ወር ከመክፈልዎ በፊት ድርጅቱ በአድስ ማናጀር ላይ የማየት ፈቃድ እንዲሰጥዎት፣ የወጣው ገንዘብ በዶላር እንዲገለጽ፣ የሊንክ ክሊክ ብቻውን ተለይቶ እንዲቀርብና የተመረጠው ዓላማ ምን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያሳውቅዎት ይጠይቁ። ምላሹን እዚሁ ቢያካፍሉን አብረን እናየዋለን።