ለሚያንቀው ባለ 22 ጠመንጃ

ወንድሜ፣ «ባለ 22 ካሊበሬ ቦልቱ ሲሳብ ያንቃል፣ እቤት ላለስልሰው?» ላልከው፦ ሞርድ ከማንሳትህ በፊት ቦልቱን፣ ማለትም ጥይት የሚያጎርሰውን ተሳቢ ብረት፣ እጠበው። የኔም እንዳንተው ነበር። ግማሹ ጣጣ ቆሻሻ ሆኖ ተገኘ። የ22 ጥይት እርሳሱ ሰም ወይም ቅባት አለው፤ ከባሩዱ ጥላሸት ጋር ሆኖ ይጋገራል። የድሬ አቧራ ሲጨመርበትማ ጭቃ ነው።

ካዝናውን አውጣ፣ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም እይ። ቦልቱን አውጥተህ በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ ፈትገው። አድርቀህ የስፌት ማሽን ዘይት አንድ ጠብታ ብቻ። ካበዛኸው ለአቧራው ማጣበቂያ ሆነ ማለት ነው።

አሁንም ካነቀ ቦልቱን በጥቁር ማርከር ቀባና ሃያ ጊዜ ያህል ሳብ መልስ አድርገው። ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ ነው የሚያሸው። እሱን ብቻ በብረት መወልወያ ቅባት አሸት አሸት፣ ከዚያ ሙልጭ አድርገህ እጠብ። የኔ እጀታው ሥር ጥፍር የምታህል ቦታ ነበረች።

የቦልቱን ፊት፣ የሚቆልፍበትንና ከምላጩ ጋር የሚያያዘውን ግን እንዳትነካ። እዚያ ከሆነ ችግሩ ፈቃድ ላለው ጠጋኝ ስጠው። ባዶውንም ምላጩን አትሳብ፤ ጥይቱን የሚመታው መርፌ የጥይት ቤቱን ጠርዝ ሊጎዳው ይችላል።