ነጥብ የሚያስቆጥር ሴንተር መከላከል ለምን ያቅተዋል?

ወንድሜ፣ በቅርጫት ኳስ ቡድናችሁ ውስጥ 1 ሜትር ከ98 የሚሆነው ሴንተራችሁ (ከቅርጫቱ አጠገብ የሚጫወተው ረጅሙ ልጅ) ከቅርጫቱ ስር የሚያቆመው እንደሌለ፣ በመከላከል ጊዜ ግን አጫጭር ጋርዶች (ኳስ እያንጠሩ የሚያመጡት ተጫዋቾች) እንደፈለጉ እንደሚያልፉት ጽፈህ «ስንፍና ነው ወይ?» ብለሃል። አብዛኛውን ጊዜ ስንፍና አይደለም። ልጁን ከመቆጣትህ በፊት ከየት እንደሚመጣ እንይ።

ስታጠቁ ልጁ የት እንደሚቆም የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ከቅርጫቱ 2 ሜትር ያህል ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ኳስ ሲቀበል በየትኛው በኩል እንደሚዞር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ተከላካዩ ምንጊዜም ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ እግሩ ከባድ ቢሆንም አንድ ሁክ (በጎን ቆሞ በአንድ እጅ ከራስ በላይ የሚወረወር ኳስ) እና አንድ ጥሩ መዞር ካለው ያስቆጥራል። ሴንተሩ ኒኮላ ዮኪች ሯጭም ዘላይም አይደለም፤ ሆኖም በ2021፣ በ2022 እና በ2024 (እ.ኤ.አ.) የኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካው ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። ኳሱ እጁ ሲገባ የጨዋታውን ፍጥነት የሚወስነው እሱ ስለሆነ ነው።

ስትከላከሉ ግን የሚወስነው ተጋጣሚ ነው። የገባው አሰልጣኝ ሴንተራችሁ የሚይዘውን ልጅ ወደ ላይ አውጥቶ ለጋርዱ ስክሪን ያስደርገዋል፤ ማለትም ቆሞ የጋርዱን ተከላካይ መንገድ እንዲዘጋ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ረጅሙ ልጅ ከቅርጫቱ 6 እና 7 ሜትር ርቆ፣ ኳስ የያዘውንም ወደ ቅርጫት የሚሮጠውንም አንድ ላይ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። እዚያ ቁመት ብቻውን አያድንም፤ የሚያድነው ዳሌን ዝቅ አድርጎ በጎን መንሸራተትና ቀድሞ ማንበብ ነው። የቀድሞውን ሴንተር ቤን ዋላስን አስበው፤ 4 ጊዜ የኤንቢኤ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሲሆን በአንድም የውድድር ዘመን በአማካይ 10 ነጥብ አልሞላም። ሁለቱ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው።

ልምምዱም ይለያያል። ሁክ ለመለማመድ አንድ ኳስና አንድ ቅርጫት ይበቃል። ስክሪን መከላከል ግን ቢያንስ 4 ሰው ይጠይቃል፤ ብዙ ቡድን ጊዜውን ለውርወራ ስለሚያውለው ይህ ይዘለላል። «5 ፋውል ሞልተህ ከጨዋታ እንዳትወጣ» እየተባለ የሚጫወት ልጅ ደግሞ ቀስ በቀስ ከመንገድ መሸሽን ይለምዳል። በሕጋዊ ቦታው ቆሞ፣ እጁን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ከዘለለ፣ አጥቂው መጥቶ ቢጋጨው ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ አስረዱት፤ ይህ ብቻ ብዙ ፍርሃት ያነሳል።

ለልምምዱ በሳምንት 3 ቀን፣ 15 ደቂቃ፣ ሁለት ለሁለት አጫውታቸው። ስክሪኑ ከመድረሱ በፊት «ቀኝ!» ወይም «ግራ!» ብሎ መጮህ ያለበት ሴንተሩ ነው፤ ጋርዱ ከኋላው የሚመጣውን አያይም። ሴንተሩ ከፍጹም ቅጣት መስመሩ አንድ እርምጃ ወደ ቅርጫቱ ገባ ብሎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ አንድ እጁን ወደ ኳሱ፣ ሌላውን ወደ ማቀበያው መንገድ ዘርግቶ ይቁም። ሥራው መንጠቅ አይደለም፤ የራሱ ጋርድ እስኪመለስ 2 ሰከንድ ያህል ማዘግየት ነው። ከቅርጫቱ ስር ድረስ ካፈገፈገ አጭር ውርወራ ይሰጣል። ቀጥ ብሎ ቆሞ ከወጣ ደግሞ በአንድ ማንጠር ይታለፋል፤ አንተ የገለጽከው ይሄኛውን ይመስላል።

ለእግሩ፣ የቅርጫቱ ስር ሳጥን 4.9 ሜትር ስፋት አለው፤ ከጠርዝ ጠርዝ በጎን 20 ሰከንድ ይንሸራተት፣ 40 ሰከንድ ይረፍ፣ 6 ዙር። ዝቅ ሲል ተረከዙ ከተነሳ ቁርጭምጭሚቱ ደርቋል ማለት ነውና አስቀድሞ ባትን ማሳሳብ ያስፈልጋል። በጅማ ክረምት እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ይህን አታሠሩ፤ ጉልበት ይጎዳል። በዝናብ ቀን በረንዳ ሥር የአቋቋምና የመጯጯህ ልምምድ በእርምጃ ብቻ ይበቃል።

እስኪሻሻል 2-3 ዞን (ሁለት ከፊት፣ ሦስት ከቅርጫቱ አጠገብ ሆነው ሰው ሳይሆን ቦታ የሚጠብቁበት መከላከል) መሸሸጊያ ይሆናችኋል። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን (ፊባ) ሕግ፣ ከኤንቢኤ በተለየ፣ ለተከላካይ የ3 ሰከንድ ገደብ ስለሌለ ልጁ ከቅርጫቱ ስር መቆየት ይችላል። ሆኖም ከማዕዘን የሚወረወረውን 3 ነጥብ ትከፍላላችሁ፣ ሪባውንድ (ሳይገባ የሚመለስ ኳስ) ላይም እያንዳንዱ የሚዘጋው ሰው ስለማይታወቅ ኳስ ያመልጣችኋል። ዞኑን ለጨዋታ ቀን አድርጉት እንጂ ልምምዱን በእሱ አትተኩ።

አንድ ጨዋታ በስልክ ከቅርጫቱ ጀርባ ቅረጹና ስክሪን በመጣ ቁጥር የልጁ ደረት ወዴት እንደዞረ ብቻ ተመልከቱ። ሁልጊዜ ወደ ራሱ ሰው ዞሮ ኳሱን ካጣው፣ ከእግሩ በፊት ዓይኑን አሠልጥኑት።